ከጅማ አርባ ምንጭ በፕሌን ስንት ሰዓት ነው??

ኑኑ ስታዲየም፦
ሰላም ለናንተ፣ ወንድሜ ጅማ ነው የሚሰራው፣ የአክስታችን ልጅ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ አርባ ምንጭ ታገባለች። እና እዚህ ስታዲየም ቢሮ ቁጭ ብዬ ርቀት የሚያሰላ ሳይት ላይ ሁለቱን ኤርፖርቶች ባስገባ 200 ኪሎ ሜትር፣ 45 ደቂቃ በረራ ብሎ አወጣልኝ። ደስ ብሎኝ ደውዬ አርብ ከስራ ወጥተህ ለእራት ትደርሳለህ አልኩት ቲኬት ልቆርጥለት ስል ግን የሚመጣልኝ ሁሉ በቦሌ የሚዞር ነው። ቀጥታ የለም እንዴ? ደሞ አንዱ ሳይት 124 ማይል ሌላው 108 ማይል ይላል፣ የቱን ልመን?

ክንፍ የለሹ፦
ማይሉ ሁለቱም ልክ ነው እህቴ፣ 124ቱ ተራው የየብስ ማይል ነው፣ 108ቱ አብራሪዎች የሚጠቀሙበት ኖቲካል ማይል። ወደ ኪሎ ሜትር ስትመልሺው ያው 200 ነው።
45 ደቂቃው ግን ማንም የሚበረው በረራ አይደለም። ሳይቱ 200ን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚባል ፍጥነት አካፍሎ 15 ደቂቃ ያገኛል፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጣል ያደርግበታል፣ አለቀ። 800 ደግሞ የጄት ፍጥነት ነው፣ ለአጭር የሀገር ውስጥ መስመር የሚመደበው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ቢበዛ 660 ቢሄድ ነው። ሳይቱ በረራ ይኑር አይኑር ምን አገባው፣ ካርታ ላይ ክር ወጥሮ ይለካል።
የኛ ሀገር ውስጥ በረራ አብዛኛው ከቦሌ ወጥቶ ቦሌ የሚመለስ ነው። ጅማ ቦሌ በአየር 260 ገደማ፣ ቦሌ አርባ ምንጭ 350፣ ሲደመር 610። ሰውዬው 200ውን ለመድረስ ሶስት እጥፉን ይበራል ማለት ነው 😂 አንዱ በረራ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ቀኑን የሚበላው መሃል ቦሌ ላይ የሚጠብቀው ነው።

የጅማ ልጅ፦
በመኪናስ? በጭዳ አድርጎ ሶዶ የሚወጣ መንገድ አለ እኮ። ግን መሃል ላይ ኦሞ አለ፣ ቁልቁል ወርደህ ወርደህ ድልድዩን ተሻግረህ መልሰህ ትወጣለህ። እኔ አንዴ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ አርባ ምንጭ የገባሁት መሽቶ ነው፣ ረዳቱ ፌስታል ሲያድል ነው የዋለው። አርብ ከስራ በኋላ የምትይው አይታሰብም።

ሚሚዬ፦
ኑኑዬ ሰዓቱን ደሞ አደራ፣ ቲኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የኔ ባል 07:30 የሚለውን የኛ ሰባት ሰዓት ተኩል መስሎት ረፋዱን ቁርሱን በልቶ ጸጉሩን ተላጭቶ ዘንጦ ሄደ፣ ፕሌኑ ከሄደ ስንት ሰዓቱ 😭 ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነበራ!
ደግሞ ቦሌ ማለፉ ካልቀረ ለምን ሀሙስ ማታ መጥቶ አንቺጋ አያድርም፣ አርብ አብራችሁ ትሄዳላችሁ።

ኑኑ ስታዲየም፦
ሚሚዬ ኑሪልኝ፣ አሁን ደወልኩለት፣ ሀሙስን ያስፈቅዳል። 200 ኪሎ ሜትር እኮ ነው ብዬ ስላበሸቅኩት ግን ለሰርጉ ሊያመጣ የነበረውን አምስት ኪሎ ቡና ሶስት አድርጎታል።