ስለ እኩል እርሻ መጠይቅ ይዤ ቃሉ ወርጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ የምታውቁ እርዱኝ

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በግብርና ኢኮኖሚክስ የማስተርስ መመረቂያዬን እየሠራሁ ነው። ጥያቄዬ ባጭሩ፣ ገበሬው የራሱን መሬት ሲያርስና የሰው መሬት በእኩል (ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር እየተካፈለ) ሲያርስ የሚያገኘው ምርት ይለያያል ወይ የሚል ነው። ቦታው ቃሉ ወረዳ፣ ሐርቡ አካባቢ። አማካሪዬ መጠይቁን አይቶ «ሂጂ» አለኝ። ባለፈው ሳምንት ለሙከራ 18 ሰው ጠየቅኩ። የሆነውን ብነግራችሁ ታዝኑልኛላችሁ።

ከ18ቱ 16ቱ «የራሴን ነው የማርሰው» አሉኝ። አብሮኝ የሄደው የሰፈሩ ልጅ ግን መንገድ ለመንገድ «ይሄ የእገሊት ማሳ ነው፣ ያኛው ሰውዬ ነው የሚያርስላት» እያለ ሲያሳየኝ ነው የዋለው። ስፋት ስጠይቅ ሁሉም «ሁለት ጥማድ» ነው፤ ዓይኔ እያየ አንዱ ማሳ የሌላውን እጥፍ ይሆናል። ምርት ስጠይቅ አንዱ በኩንታል፣ አንዱ በማዳበሪያ፣ አንዲት እናት ደግሞ በጣሳ ነገሩኝ።

ከሁሉም የከፋው አንድ ሽማግሌ ገና ሳልጀምር ተቆጥተው ተነሱ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ «እርስዎ ባለመሬት ነዎት ወይስ ጭሰኛ?» ይላል። ከእንግሊዝኛው ስመልሰው የመጣልኝ ቃል እሱ ነበር። «ጭሰኛማ በ67 ቀረ፤ አንቺ ከየት ቆፍረሽ አመጣሽው?» ብለውኝ ሄዱ። አፈርኩ።

ዋናው ጥናት 120 ሰው ነው። ያለኝ ገንዘብ ለሁለት ሳምንት ቢበቃ ነው። ርዕስ ልቀይር?

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦
አብሽሪ እህቴ፣ ርዕስ አትቀይሪ። ስንት ዓመት መጠይቅ ይዤ ወረዳ ለወረዳ ስዞር ኖሬያለሁ፤ የአንቺ ችግር ጥያቄው እንጂ ገበሬው አይደለም።

ሽማግሌው ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። በየካቲት 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮ መሬት ማከራየትንም ከለከለ። እሳቸው ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ዛሬ በእኩል የሚያርስ ሰው ራሱን ጭሰኛ ብሎ አያውቅም። «የእገሌን በእኩል ይዣለሁ» ነው የሚለው። ስለዚህ ሰውየው ማን እንደሆነ አትጠይቂው። ማሳውን ጠይቂ። እንዲህ በይው፦ «ዘንድሮ በሬህ የዋለባቸውን ማሳዎች በሙሉ አንድ በአንድ ቁጠርልኝ።» ይቆጥርልሻል፤ በሬው የዋለበትን የሚደብቅ ገበሬ የለም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ማሳ «ሲወቃ አውድማው ላይ ማን ማን ይካፈላል?» በይ። እኩሉም፣ ሲሶውም፣ እርቦውም እዚያ ላይ ራሱ ይወጣል። «ተከራይተሃል?» የሚለውን ግን ከነጭራሹ ሰርዢው።

ሌላ ደግሞ ጁምዓ ጠዋት አትውረጂ። የገበያ ቀንም ቤት ማንንም አታገኚም። እና ያ የሰፈሩ ልጅ ጥያቄ ስትጠይቂ ከጎንሽ አይቁም፤ እሱ እየሰማ ማን ስለ መሬት ያወራል?

አረንጓዴ ደብተር፦
ገጠር መሬት ላይ ሠርቻለሁና ስለ ፍርሃቱ እኔ ልናገር። ገበሬው አንቺን አይደለም የሚፈራው፣ ወረቀቱን ነው። መሬት መዝግቦ የሄደ ሰው ሁሉ ኋላ የሆነ ነገር ይዞ ይመጣል ብሎ ነው የሚያስበው። በ1989 በክልላችን የተካሄደውን፣ ከአንዱ ተወስዶ ለሌላው የተሰጠበትን የመሬት ድልድል ያልሰማ የለም። መሬቱን ለሰው ሰጥታ ከተማ የምትኖር ሴት ደግሞ «እዚህ የለችም» ተብሎ ይወሰድብኛል ብላ ትሰጋለች። ስለዚህ መጀመሪያ ስም አልጽፍም በያቸው፣ አለመጻፍሽንም እያዩሽ ይሁን። የወረዳ ማህተም ያለበትን ደብዳቤ አሳይተሽ ወዲያው ቦርሳሽ ክተቺው። እጅሽ ላይ በቆየ ቁጥር ወሬው ይጠፋል።

የስፋቱ ነገር ደግሞ፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩን አሳየኝ ብለሽ ከዚያ ለመገልበጥ አትቸኩይ። በክልላችን የመሬት ምዝገባው የተጀመረው በ1995 ነው፤ ከሙከራ ቀበሌዎቹ አንዱ እዚሁ ደሴ አፍንጫ ሥር ያለው ገራዶ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ስፋቱ በገመድና በዓይን ግምት ነው የተሞላው፤ ካርታ የለውም። ካርታ ያለው የሁለተኛው ደረጃ ነው። የትኛው ደብተር እንደሆነ ሳታዪ ቁጥሩን አትመኚው።

አንድ ነገር ላክልልሽ። እኩልም ኮንትራትም (በብር ኪራይም) ያልሆነ አያያዝ ያጋጥምሻል። አንዱ ለአንዱ ብር ይሰጣል፤ ብሩ እስኪመለስ መሬቱን ያርሳል። መጽሐፉ ወለድ አገድ ይለዋል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል ይሄን ደፍሮ የሚናገር የለም። አንቺም ቃሉ ወርደሽ ወለድ የሚለውን ቃል እንዳትናገሪ፤ ሐራም ነው፣ በልቻለሁ የሚልሽ ሰው አታገኚም። «ብር ተሰጣጥታችሁ ነው?» ካልሽ ይበቃል።

የሸዋ በር እህል ነጋዴ፦
እኔ ተማሪ አይደለሁም፣ እህል ነው የማውቀው። ማዳበሪያ ያለሽ ሰው ጆንያውን ነው። ውስጡ ማሽላ ሲሆንና ማሾ ሲሆን ኪሎው አይገናኝም፤ አፉ ተሰፍቶና ታስሮ ሲመጣም ይለያያል። ጣሳም ተቆልሎ ይሰፈራል፣ ተጠርጎም ይሰፈራል። ሲገዛ ቁልል ነው፣ ሲሸጥ ጥርግ ነው፣ ሃሃ። ገበያ ገብተሽ ተንጠልጣይ ሚዛን ግዢ። በየቀበሌው የራሳቸውን ጣሳና የራሳቸውን ጆንያ በየእህሉ አሥር አሥር ጊዜ መዝኚና አማካዩን ያዢ። ከዚያ በፈለጉት ይንገሩሽ፣ አንቺ ወደ ኪሎ ትመልሺዋለሽ።

ደግሞ «ምርቱ ስንት ነው» ስትያቸው ከመካፈሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ብዙ ቦታ ዘሩ ከላይ ይነሳል፣ የቀረው ነው እኩል የሚሆነው። ዘሩን ማን አወጣ? አገዳውስ? የማሽላ አገዳ ለከብት ነው፣ ብር ነው። እህሉን እኩል ተካፍሎ አገዳውን በሙሉ የሚወስድ አራሽ አለ፤ እንዲህ ያለውን «እኩል» ብለሽ ከጻፍሽ ተሸውደሻል። ወደ ብር ስትቀይሪውም በአንድ ወር ዋጋ ቀይሪ። የታኅሣሥ ማሽላና የነሐሴ ማሽላ አንድ ዋጋ አይደለም።

አዝዋ ገደል፦
የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ ወደ ንድፉ ልግባ። በእኩል የሚያርሱትንና የራሳቸውን የሚያርሱትን እንደ ሁለት ቡድን ካወዳደርሽ መልሱ የትም አያደርስሽም። በእኩል የሚይዘው በሬ ያለው፣ ጉልበት ያለው ሰው ነው። የሚሰጠው ደግሞ ባል የሞተባት፣ በሬ የሌላት፣ ያረጀ ሰው ነው። በመጽሐፍ የምናነበው ሀብታም ባለመሬትና ደሃ አራሽ እኛ ጋ ተገልብጧል። ስለዚህ በእኩል የተያዘው መሬት ብዙ ቢያመርት የውሉ ውጤት ይሁን የበሬው በምን ታውቂያለሽ?

መውጫው ያው አንድ ሰው የራሱንም የሰውንም ማሳ ሲያርስ መያዝ ነው። በሬው አንድ፣ ጉልበቱ አንድ፣ ዕውቀቱም አንድ፤ የሚለየው ውሉ ብቻ ነው። ሻባን የሚባል ተመራማሪ በ1987 እ.ኤ.አ. በሕንድ መንደሮች መረጃ ይሄንኑ አድርጎ፣ በእኩል የተያዘው ማሳ ከራስ ማሳ 16 በመቶ ገደማ ያነሰ ምርት እንደሚሰጥ አገኘ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ማርሻል ከመቶ ዓመት በፊት ያለው ነገር ነው፦ ግማሹን ለሌላ የሚሰጥ ሰው በሙሉ ልቡ አይለፋም። እዚህም እንደዚያ መሆኑን ግን አንቺ ነሽ የምታሳዪን። የአፈሩን ዓይነት፣ ተዳፋትነቱንና ከቤት ያለውን ርቀት መያዝ አትርሺ፤ ለሰው የሚሰጠው ማሳ ብዙ ጊዜ ለባለቤቱ የማይመቸው ነውና።

ስለዚህ 120 ሰው ይቅርብሽ። ሁለቱንም ዓይነት ማሳ የሚያርሱ 60 ሰዎች ፈልጊ፣ ማሳዎቻቸውን በደንብ ለኪ። ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከዓለም ባንክ ጋር ከ2004 ጀምሮ የሚሰበስበው የቤተሰብ ጥናት በነፃ ይገኛል፤ ማሳው በጂፒኤስ የተለካ ነው። ምዕራፍ ሁለትሽን ከዚያ ሥሪው፣ የራስሽን ለምዕራፍ አራት አስቀምጪ።

ጦሳ ሥር፦
@አዝዋ ገደል በሁሉም እስማማለሁ፣ ግን ጂፒኤስ ስትል በስልክ እንዳታደርገው። 25 በ50 ሜትር የሆነች ማሳ 1,250 ካሬ ናት። ስልኩ በየጎኑ 3 ሜትር ጨምሮ ቢያሳያት 28 በ53 ይሆናል፣ 1,484። 19 በመቶ ማለት ነው። የምትፈልጊው ልዩነት 16 ከሆነ ስልክሽ በላው። ለትንንሾቹ ማሳዎች ሜትር ይዘሽ ዙሪ።

አዝዋ ገደል፦
እሺ ተሸንፌያለሁ። ትልልቁን በጂፒኤስ ሁለቴ ዞረሽ አማካዩን፣ ትንንሹን በሜትር።

የኮምበል ሻይ ቤት፦
እኔ አስተያየት የለኝም ግን ያንን ሽማግሌ ተመልሰሽ ይቅርታ ጠይቂልን። ስኳር ያዢ።

የቦርከና ልጅ፦
ተመልሼ መጣሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አላህ ይስጥልኝ። መጠይቁን ቀድጄ በማሳ አደረግኩትና ትናንት 9 ሰው ጠየቅኩ። 6ቱ በእኩል የያዙት ማሳ እንዳላቸው ራሳቸው ቆጠሩልኝ! ሽማግሌውም ጋ ሄጃለሁ፣ ስኳሩን ተቀበሉ፣ እንዲያውም የልጃቸውን ማሳ አብረውኝ በሜትር ለኩ።

ግን አዲስ ነገር ገጠመኝ። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት አለች። ማሳዋን የሚያርስላት የባሏ ወንድም ነው። «ይለፋልሻል?» አልኳት። ዝም አለችና ማሳውን በአገጯ ጠቆመችኝ። ዳር ላይ የእሱ ማሽላ ከወገብ በላይ ነው፤ የእሷ ጉልበት አይደርስም። «ዝናቡ ሲጥል በሬው አንድ ጥማድ ነው። መጀመሪያ የራሱን ይዘራል፣ ሲጨርስ ወደ እኔ ይመጣል፤ ያኔ እርጥበቱ ሄዷል» አለችኝ። ሌላ ሰው ለምን አትሰጪም ብላት «የልጆቼ አጎት አይደል እንዴ» አለች። ይሄን የቱ ሣጥን ውስጥ ነው የምጽፈው?

አዝዋ ገደል፦
እሷ የነገረችሽ የጥናትሽ እምብርት ነው። በአማራና በትግራይ የተሠሩ ጥናቶች የሴቶች መሬት ብዙ ጊዜ ለባል ወገን እንደሚሰጥ፣ ምርቱም እንደሚያንስ ያሳያሉ፤ በዘር ቀን ለክቶ ያሳየ ግን እኔ አላየሁም። ሁለት ዓምድ ጨምሪ፦ የተዘራበት ቀን፣ እና አራሹ ለባለመሬቷ ምኗ ነው።

ጦሳ ሥር፦
ቀኑን «ስንት» ብለሽ አትጠይቂ፣ አያስታውሱትም። «ከፆሙ በፊት ነው በኋላ? የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ስንተኛው ቀን ነው? እንትና ካገባ በኋላ ነው?» እያልሽ አውጪው።

የቦርከና ልጅ፦
እሺ። ነገ ጠዋት ደጋን ነኝ፣ ሜትሩን ያዋስኩት ሰውዬ ስልክ ካነሳ።