በጎንደር ብርድ በቀቀን ማራባት

ጥያቄ፦ ውድ የአእዋፍ ወዳጆች፣ በቀቀን ማርባት ከልጅነቴ ጀምሮ ያልተለየኝ ፍቅር ነው፤ ዛሬም አዘዞ በሚገኘው ቤቴ ትንንሾቹን የአውስትራሊያ በቀቀኖች አሳድጋለሁ። የከተማችን ሌሊት ቀዝቃዛ በመሆኑ፣ አዲሶቹን ጥንዶች ከማራባቴ በፊት ስለ መኖና ስለ መጠለያ ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ፦ በመጀመሪያ ጾታቸውን ያረጋግጡ፤ ከመንቆሩ በላይ ያለው ቆዳ በአዋቂ ወንድ ላይ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ፣ ለመራባት በደረሰች ሴት ላይ ደግሞ ቡናማ ነው። እናቲቱ ቀን እየዘለለች እንቁላል ስለምትጥልና እያንዳንዱን ለ18 ቀናት ያህል ስለምትታቀፍ፣ ጫጩቶቹ የሚፈለፈሉት በተለያየ ቀን ነው፤ ስለዚህ የዘገየውን እንቁላል ቸኩለው አያንሱ። ዳጉሳ መልካም መኖ ቢሆንም ብቻውን አይበቃምና ጎመንና የተቀቀለ እንቁላል ይጨምሩበት። አቮካዶ ግን መርዛቸው ነው።

ሌላ መልስ፦ እኔን ከብርዱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጭሱ ነው። የወፍ መተንፈሻ እጅግ ስስ ስለሆነ፣ ቡና በሚፈላበት፣ ከሰልና ዕጣን በሚጨስበት ክፍል ፈጽሞ አያኑሯቸው፤ ጎጇቸውንም ነፋስ ከሚያስገባ መስኮት ያርቁ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖረውን፣ ወንዱ ቀይ ግንባር ያለውን አረንጓዴ በቀቀን ግን እባክዎ ከዱር አያስይዙ፤ የጽድ ፍሬ ሲለቅም በነጻነት ማየቱ ይበልጣል።

ጠያቂው፦ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጎጆውን ከማድ ቤቱ አጠገብ ዛሬውኑ አነሳለሁ።