የፊሊፒኖ ባልደረባችን እናቱ አረፉ፤ ለቅሶ እንዴት ይደረሳል?

የማራኪው መምህር፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከጎንደር ነው። አብሮን የሚያስተምር አንድ ፊሊፒናዊ አለ። እሁድ ማታ እናቱ ማኒላ አረፉ። ሰኞ ጠዋት ጠመኔውን ይዞ ክፍል ገባ! ቀብሩ መቼ ነው ስንለው «የዛሬ ሳምንት» አለ፤ ወንድሙ ከሳዑዲ እስኪደርስ ነው። እሱ መሄድ አልቻለም። እኛ ጋ ጠዋት የሞተ ከሰዓት አፈር ይለብሳል፤ ቢዘገይ በማግስቱ ነው። ታዲያ ሳይቀበሩ ለቅሶ ይደረሳል? ገንዘብ ብናዋጣስ ነውር ይሆን?

የአራዳ ገበያዋ፦
እግዜር ያጽናው። ዱባይ 6 ዓመት ከሁለት ፊሊፒኖዎች ጋር አንድ ክፍል ኖሬያለሁ። የአንዷ አባት የሞቱ ጊዜ ለቅሶውን የተቀመጥነው በስልክ ነው።

ቀብሩን አትጠብቁ፣ ሂዱ። ዋናው ለቅሷቸው ከቀብር በፊት ነው፤ «ላማይ» ይሉታል። ሬሳው እንዳይበላሽ መድኃኒት ይወጋና ሳጥኑ ቤት ውስጥ ወይም ጸሎት ቤት ይቀመጣል። ከ3 እስከ 7 ቀን፤ ውጭ ያለ ዘመድ የሚጠበቅ ከሆነ ከዚያም በላይ። ሌሊቱን ሰው አብሮት ያድራል። ክዳኑ ፊት ጋ መስታወት አለው። ልጅቷ «ስልኩን አስጠጉልኝ» አለች። አባቷ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ እጃቸው ላይ መቁጠሪያ ተጠምጥሟል። ስልኩን የያዘችው እህቷ እንባዋን በመሀረብ እየያዘች ወደ ኋላ ትላለች። እንባ መስታወቱ ላይ ከተንጠባጠበ የሟች መንገድ ይከብዳል ይላሉ። የተንሰቀሰቅሁት እኔ ነኝ።

ስልኩ ዞር ሲል ምን ባይ ጥሩ ነው? ከሳጥኑ ሦስት እርምጃ ርቆ ካርታ! በገንዘብ! ደሜ ፈላ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ከጨዋታው ተቆርጦ ለሀዘንተኛው ቤት ይሰጣል፣ «ቶንግ» ይሉታል። የለቅሶው መዋጮ ደግሞ «አቡሎይ» ነው። ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ስጡት፣ ምንም ነውር የለውም።

ስትወጡ አይሸኛችሁም፤ ሀዘንተኛ ለቅሶ የመጣን አይሸኝም። እንዳትቀየሙት። ደግሞ ቀጥታ ቤታችሁ አትግቡ። የሟች መንፈስ እንዳይከተል መንገድ ላይ አንድ ቦታ ጎራ ይባላል፤ «ፓግፓግ» ነው ስሙ። እኔን ከጸሎት ስንመለስ ቡና አስይዛ ሱቅ በር ላይ 20 ደቂቃ አቁማኛለች። በማግስቱ 12 ሰዓት ሥራ ገቢ ነኝ እኮ!

9 ቀን ይጸልያሉ፣ ከዚያ አርባ፣ ከዚያ ሙት ዓመት። አርባውን አስታውሱለት።

ጋሽ ድንኳን፦
ካርታው ምን ያስደነግጥሻል? እኛስ ድንኳን ውስጥ የምናነጋው በምን ሆነና? ያውም የኛ ለሀዘንተኛው አምስት ሳንቲም አይወጣውም።

ኤልሳ፦
ሁሉም ካቶሊክ አይደሉም። ደቡብ፣ ሚንዳናኦ አካባቢ ያሉት ሙስሊሞች እዚህ እንዳሉት ቶሎ ነው የሚቀብሩት። መጀመሪያ ጠይቁት።

የማራኪው መምህር፦
ካቶሊክ ነው። ትናንት ከምሽቱ 1 ሰዓት ሄድን። እዚያ እኩለ ሌሊት ነው፣ ቤቱ ግን በሰው ሞልቷል። ላፕቶፑ ላይ ሳጥኑ፣ አበባው፣ የሚታደለው ብስኩት ሳይቀር ይታያል። ንፍሯችንን ከነሳህኑ ወደ ካሜራው ከፍ አድርጎ አሳያቸው። አንዲት አሮጊት የሆነ ነገር ጠየቁት፣ ሲያስረዳቸው ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ። ከሰኞ ጀምሮ ሲያለቅስ ያየነው ያን ጊዜ ነው።

ስንወጣ እውነትም ከወንበሩ አልተነሳም። ፒያሳ ወርደን ማኪያቶ ጠጣን። የሒሳቡ መምህር ብቻ «እኔ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ደጅ ተሳልሜ እገባለሁ፣ ያም ጎራ ማለት ነው» ብሎ ተለየን።