የአሮጌ አልፋ ሮሜዮ ሁለተኛ ማርሽ እየተፋጨ ይገባል፤ ካምቢዮው ይውረድ ወይስ በፊት የሚታይ ነገር አለ?

ጥያቄ፣ ከደሴ

እንደምን ከረማችሁ። ከአባቴ የተረከብኩት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተሠራ አልፋ ሮሜዮ 2000 ጂቲ ቬሎቼ አለኝ። መኖሪያዬ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ በመሆኑ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሐረጎን ወርጄ እወጣለሁ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጠዋት ቁልቁለቱን ስይዝ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ልቀንስ ስል፣ በማርሽ ዘንጉ በኩል እስከ መዳፌ ድረስ የሚነዝር የመፋጨት ድምፅ ይሰማል፤ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስጨምር ግን ምንም የለም። ኮምቦልቻ እስክደርስ መኪናው ሲሞቅ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በዚህ ላይ ማታ መኪናውን በኋሊት ወደ ግቢ ሳስገባ የኋላ ማርሹም እንዲሁ ተፋጭቶ ነው የሚገባው፤ ጎረቤቶቼ መምጣቴን የሚያውቁት በዚሁ ድምፅ ሆኗል።

ያየው መካኒክ ካምቢዮው ወርዶ ሲንክሮናይዘሮቹ (ማርሽ ሲገባ የሚገናኙትን ጥርሶች ፍጥነት የሚያስተካክሉት ቀለበቶች) በሙሉ ይቀየሩ ብሏል። መለዋወጫው ከውጭ አገር የሚታዘዝ፣ ዋጋውም የማይቀመስ ነው። ከማስፈታቴ በፊት ራሴ ላረጋግጠው የምችለው ነገር ካለ እንድትነግሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

አብሽር ወንድሜ፣ ገና ምንም እንዳታስፈታ። ከጻፍከው ውስጥ የእኔን ዓይን የሳበው ሁለተኛው ማርሽ ሳይሆን የኋላው ነው። በዚህ መኪና ወደ ፊት የሚነዱት አምስቱም ማርሾች ሲንክሮናይዘር አላቸው፤ የኋላው ግን የለውም። ስለዚህ የኋላ ማርሽ መፋጨት በሲንክሮናይዘር ሊሳበብ አይችልም፤ ጥርሶቹ የሚጋጩት መኪናው ቆሞ ሳለ የካምቢዮው ገቢ ዘንግ፣ ማለት ከሞተሩ ኃይል የሚቀበለው፣ ገና እየዞረ ስለሆነ ነው። ዘንጉ የሚዞረው ደግሞ ወይ ፍሪሲዮኑን ረግጠህ ጥቂት ሳትታገሥ ስላስገባህ ነው፣ ወይ ፍሪሲዮኑ እስከ ወለሉ ቢረገጥም ሞተሩን ከካምቢዮው ሙሉ በሙሉ ስለማይለይ ነው።

ሁለቱን ለመለየት መኪናውን ሞተሩ እንደሞቀ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ ሞተሩም በሚኒሞ ይሥራ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጠህ በልብህ እስከ አሥር ከቆጠርክ በኋላ የኋላ ማርሹን አስገባ። ጸጥ ብሎ ከገባ ጥፋቱ መቸኮል ብቻ ነበር። አሁንም ከተፋጨ ግን ፍሪሲዮኑ አይለቅም ማለት ነው። ያን ጊዜ ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ በፍጥነት እየረገጥክና እየለቀቅክ እንደገና ሞክር፤ በዚህ ከተሻለው ሕመሙ ከካምቢዮው ውጭ፣ በፍሪሲዮኑ የዘይት መስመር ላይ ነው፤ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ በፔዳሉ በኩል ያለው የላይኛው ወይም በካምቢዮው በኩል ያለው የታችኛው ሲሊንደር ጎማ አልቋል። ምንም ካልተሻለው ዲስኩ ተጣሞ ወይም በገቢው ዘንግ ላይ መንሸራተት አቅቶት ሊሆን ስለሚችል፣ ካምቢዮ ማውረዱ የማይቀር ይሆናል።

ፎሌ ላይ፣ ማለት ማርሽ ሳይገባ፣ ቆመህ እግርህን ከፔዳሉ ስታነሣ የሚሰማ፣ ስትረግጥ የሚጠፋ ጉርርታ ቢኖር የካምቢዮውን ኩሽኔታ እጠረጥር ነበር። ስላልጠቀስከው የለም ብዬ ወስጃለሁ።

መልስ፣ ከወልዲያ

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ሆኖም ጠዋት ብሶ ሲሞቅ የሚቀንስ መፋጨት ዘይቱንም ያስጠረጥራል። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ለዲፈረንሻል የተገዛው ወፍራም ዘይት ካምቢዮውም ላይ ይገለበጣል። ጂ ኤል 5 የሚል ዘይት ለዲፈረንሻል ጥርሶች ተስማሚ ነው፤ ሲንክሮናይዘር ግን ሥራውን የሚሠራው በሰበቃ ስለሆነ እጅግ የሚያሟልጭ ዘይት ቀለበቱ ማርሹን ጨብጦ ፍጥነቱን እንዳያስተካክል ያደርገዋል። ለእንዲህ ያለ ካምቢዮ ጂ ኤል 4 የሚለውን፣ 75 ደብልዩ 90 ወይም 80 ደብልዩ 90 ውፍረት ያለውን ይጠቀሙ፤ የሚይዘው ሁለት ሊትር አይሞላም።

ዘይቱን ሲቀይሩ በቅድሚያ በጎን ያለውን የመሙያውን ቡሎን ይፍቱ። የታችኛውን ቀድመው ካፈሰሱ በኋላ የላይኛው አልፈታ ቢል መኪናው እዚያው ቆሞ ይቀራል፤ በእኔ ደርሷል። የወጣውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አጣሩት። እንደ አመድ የላመ ግራጫ ዝቃጭ የዕድሜ ነው፤ በጣት የሚቆነጠጥ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን መንዳቱን ያቁሙ።

ጠያቂው፣ ከዐሥር ቀን በኋላ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እስከ አሥር ቆጥሬ ሳስገባው የኋላ ማርሹ እንደ ወትሮው ተፋጨ፤ ፔዳሉን አራት ጊዜ ረግጬ ስሞክረው ግን ያለ ድምፅ ገባ። ከመኪናው ሥር ገብቼ የታችኛውን ሲሊንደር የአቧራ መከላከያ ጎማ በጣቴ ስገልጠው እንደ ጠቆረ ቡና ያለ ዘይት በክርኔ ላይ ወረደ። ጎማዎቹን አስቀይሬ፣ መስመሩን በአዲስ የፍሬን ዘይት አጥቤ አየሩን ካስወጣሁ ወዲህ የኋላ ማርሹ ድምፅ የለውም።

የካምቢዮውም ዘይት እንደተባለው ሆኖ ተገኘ። ጋራዡ ውስጥ የቀረው ጣሳ ላይ ጂ ኤል 5፣ 85 ደብልዩ 140 ይላል። ያፈሰስኩት ዘይት ላይ ከግራጫ ዝቃጭ በቀር ስባሪ አላየሁም። አዲሱን ከሞላሁ በኋላ ሁለተኛው ማርሽ በጣም ተሻሽሏል፤ ነገር ግን ጠዋት ከደሴ ወጥቼ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች አሁንም አልፎ አልፎ ይፋጫል። ይህ የቀረው ምንድን ነው?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

የቀረው በእርግጥ ሲንክሮናይዘር ነው፤ መካኒክህ በዚህ አልተሳሳተም፣ ቅደም ተከተሉን ነው የሳተው። በእነዚህ አልፋዎች ቀድሞ የሚደክመው የሁለተኛው ማርሽ ቀለበት መሆኑ የታወቀ ነው፤ የማይለቅ ፍሪሲዮን ሲጨመርበት ደግሞ ቀለበቱ ዘንጉን ብቻ ሳይሆን ሞተሩንም ጭምር ሲታገል ይከርማል። በዚያ ሁኔታ አዲስ ቢገባለት ኖሮ አዲሱም ያልቅ ነበር።

ወደ ታች ስትቀንስ ብቻ የሚፋጨውም በምክንያት ነው። የሦስተኛው ማርሽ ምጥጥን 1.35፣ የሁለተኛው 1.99 ስለሆነ፣ በሦስተኛ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ሳለህ ሁለተኛን ብትጠይቅ ቀለበቱ ገቢውን ዘንግ ወደ 4,400 ዙር ማድረስ አለበት፤ የቀዘቀዘ ዘይት ደግሞ ዘንጉን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ወደ ላይ ስትጨምር ግን ያው መጎተት ያግዝሃል።

ስለዚህ ሐረጎን ስትይዝ እኛ በከባድ መኪና እንደምናደርገው አድርግ። ፍሪሲዮን ረግጠህ ወደ ፎሌ አውጣ፣ ለቀህ ነዳጅ ጥቂት ስጥ፣ እንደገና ረግጠህ ሁለተኛውን አስገባ። በዚህ አሠራር መፋጨቱ ፈጽሞ ከጠፋ ቀለበቱ ደክሟል እንጂ ጥርሱ አልተበላሸም፤ ለዓመታትም ሊያነዳህ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ማርሹ በራሱ ጊዜ ወደ ፎሌ መውጣት ከጀመረ ግን ያን ቀን መለዋወጫውን እዘዝ። እስከዚያው የፍሪሲዮኑ ዘይት ማጠራቀሚያ ላይ ዛሬ ዘይቱ ያለበትን ልክ በብዕር አስምረህ በየሳምንቱ እየው፤ ከመስመሩ ከወረደ የላይኛውም ሲሊንደር ጎማ ተራው ደርሷል።