ለቁም ሣጥን፣ ለበርና ለጣሪያ የትኛው እንጨት ይሻላል?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ለምሠራው ቤት ዋንዛ፣ ጥድና ባሕር ዛፍ ቀርበውልኛል፤ የትኛውን ለየትኛው ሥራ ባውለው እንደሚሻል ብታስረዱኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

መልስ (አናጢ፣ ቡሬ)፦ ወንድሜ፣ ቁም ሣጥኑን ያለ ማመንታት በዋንዛ ያሠሩት። ዋንዛ ቀላል ሆኖ ለመጋዝና ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ እምብዛም የማይጣመም፣ ምስጥንም የሚቋቋም በመሆኑ ልቡን መርጠው ከገዙ ለልጆችዎ የሚተርፍ ዕቃ ይሆናል፤ ዳር ያለውን ነጩን ክፍል ግን ነቀዝ ስለሚደፍረው ያስወግዱት።

መልስ (ዳንግላ)፦ በዋንዛው እስማማለሁ። ባሕር ዛፍ ለወራጅና ለማገር ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሲደርቅ በጣም ስለሚኮማተርና ስለሚሰነጠቅ ለበር አልመክረውም። ጣውላ ከገዙም በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ እርጥብ ጣውላ የባለሙያውን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለውጪው በርስ ጥዱ ይሆናል?

መልስ (አናጢ፣ ቡሬ)፦ የሐበሻ ጥድ ከሆነ ዝናብንም ምስጥንም ስለሚችል እጅግ መልካም ነው፤ የፈረንጅ ጥድ ግን ያን ያህል አይበረታም፤ ስለዚህ አስቀድመው ይለዩት። የሐበሻው ጥድ ምስማር ሲመታበት ስለሚሰነጠቅ በመሰርሰሪያ ይበሳ። ዋንዛንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ስለሆነም እንጨቱ ከየት እንደመጣ ሻጩን ይጠይቁ።