ተገጣጣሚ ኮንክሪት ለትምህርት ቤት ሕንፃ፦ ውል ከመፈረማችን በፊት ምን እናጣራ?

ጥያቄ፦ የአንድ የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት የግንባታ ኮሚቴ ጸሐፊ፣ ሞጆ

ለተከበራችሁ የሙያው ባለቤቶች ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጥያቄዬን እገልጻለሁ። በወላጆች መዋጮ የሚተዳደር ትምህርት ቤታችን አሥራ ሁለት መማሪያ ክፍሎች ያሉት ጂ ፕላስ ቱ ሕንፃ ለመሥራት አስቦ ሁለት ዓይነት የዋጋ ማቅረቢያ ተቀብሏል። አንደኛው ሁላችንም በምናውቀው መንገድ አጣና ተተክሎ፣ ካሳፎርማ (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ) ተመትቶ፣ ፌሮ ታስሮ አርማታው እዚያው የሚሞላበት ነው። ሁለተኛው፣ ተገጣጣሚ የሚባለው፣ ኮለኖቹን (ምሰሶዎቹን)፣ ቢሞቹን (አግዳሚ ተሸካሚዎቹን) እና ሆሎው ኮር የሚባሉትን ውስጠ ክፍት የወለል ሰሌዳዎች አዲስ አበባ አቅራቢያ አምርቶ፣ በመኪና አምጥቶ በክሬን የሚገጥም ነው። የሁለተኛው ዋጋ በመጠኑ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን አቅራቢው አጽሙን በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ውስጥ አቁሞ እንደሚያስረክበን ይናገራል።

የአንድ ክፍል ስፋት 7 ሜትር ሲሆን ከጎኑ በረንዳ አለው። መሬቱ መረሬ (ሲረጥብ የሚያብጥና ጭቃ የሚሆን ጥቁር አፈር) ነው። ወደ ግቢው የሚያስገባው መንገድ ጠባብ ሲሆን በአጥሩ በኩል የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰተው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ እኛም ዘንድ ተሰምቶ ስለነበር፣ ከኮሚቴው አባላት አንዳንዶቹ «እንደ ሣጥን የተደራረበ ሕንፃ ልጆቻችን ላይ ይወርዳል» በማለት ይቃወማሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ነውን? ከመፈረማችን በፊትስ ምን ማጣራት ይገባናል?

መልስ፦ የመዋቅር መሐንዲስ፣ አዲስ አበባ

የኮሚቴው አባላት ሥጋት መሠረት አለው፤ አቅጣጫው ግን መስተካከል ይኖርበታል። ፋብሪካ ውስጥ በልክ የተመረተ ኮለን ወይም ቢም ራሱን ችሎ ሲታይ፣ በአብዛኛው ሳይት ላይ ከሚሞላው የተሻለ ጥራት አለው፤ ምክንያቱም የአሸዋው፣ የጠጠሩና የውሃው መጠን በሚዛን ይገባል፣ ቅርጹ የብረት ነው፣ ውሃ የማጠጣቱም ሥራ ክትትል አለው። ጥያቄው ያለው አንዱ አካል ከሌላው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ሳይት ላይ በሚሞላ ሕንፃ የቢሙ ፌሮ በኮለኑ ውስጥ አልፎ ስለሚታሰርና አርማታው አንድ ላይ ስለሚደርቅ መገናኛው በራሱ ይፈጠራል፤ በተገጣጣሚው ግን ያንን መገናኛ አንድ ሰው አስቦ ሊነድፈው፣ ሌላ ሰውም በትክክል ሊሠራው ግድ ይላል።

ታሪክም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 በአርመንያ በደረሰው የስፒታክ የመሬት መንቀጥቀጥ ዛሬ ጊዩምሪ በምትባለው በያኔዋ ሌኒናካን ከተማ፣ በተገጣጣሚ ኮለንና ቢም የተሠሩ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃዎች በብዛት ሲደረመሱ፣ በዚያችው ከተማ በትልልቅ ተገጣጣሚ የግድግዳ ሰሌዳዎች የተሠሩት ግን ጸንተው ቆመዋል። ሁለቱም ተገጣጣሚ ነበሩ፤ የለያቸው የመዋቅሩ ዓይነት፣ የመገናኛው አሠራርና የሥራው ጥራት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 በጣሊያን ኤሚሊያ ግዛት የደረሰው ደግሞ ለእናንተ ይበልጥ ይቀርባል። በዚያ ብዙ የፋብሪካና የመጋዘን ሕንፃዎች ቢሞቻቸው በኮለን ራስ ላይ በክብደታቸውና በሰበቃ ብቻ ተቀምጠው ስለነበር፣ መሬቱ ሲወዛወዝ ከመቀመጫቸው ተንሸራትተው ወደቁ።

ስለዚህ ከአቅራቢው በመጀመሪያ የምትጠይቁት የመገናኛዎቹን ዝርዝር ንድፍ ነው። ኮለኑ ከመሠረቱ ጋር፣ ቢሙ ከኮለኑ ጋር፣ ሰሌዳው ከቢሙ ጋር፣ ሰሌዳውም ከጎረቤቱ ሰሌዳ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ በሥዕል መታየት አለበት። ስሌቱ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ንድፍ ደረጃ ኢኤስ ኢኤን 1998 መሠረት መሠራቱን ጠይቁ። ይህ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ1995ቱ የቀድሞ ደረጃ ከኢቢሲኤስ 8 ከፍ ያለ የመሬት መንቀጥቀጥ ኃይል እንዲታሰብ የሚያዝ ሲሆን፣ ለተገጣጣሚ ኮንክሪት ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ መገናኛው ከፍተኛ ጉዳት ከሚጠበቅበት ቦታ እንዲርቅ፣ ወይም ከሚያገናኛቸው አካላት እንዲበረታ፣ አለበለዚያም ራሱ ሳይሰበር እየተለጠጠ ኃይሉን እንዲያበርድ ተደርጎ እንዲነደፍ ይጠይቃል። አቅራቢው ከሦስቱ የትኛውን እንደመረጠ መናገር ካልቻለ ሌላ ሰው ለሌላ አገር የሠራውን ንድፍ ሳያገናዝብ አምጥቶታል ማለት ነው።

ወለሉንም አትርሱት። ሆሎው ኮር ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ሲደረደሩ የተለያዩ ጣውላዎች እንጂ አንድ ወለል አይደሉም። በላያቸው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የብረት መረብ የገባበት አርማታ ሲፈስና ከቢሞቹ በሚወጡ ፌሮዎች ሲታሰር ነው ወለሉ የጎንዮሹን ኃይል ሰብስቦ ለኮለኖቹ የሚያካፍለው። የሰሌዳው ጫፍ በቢሙ ላይ የሚያርፍበት ርዝመትም በተለምዶ ከ75 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለሁለቱም አማራጮች ይሠራል። በመማሪያ ክፍሎች የብሎኬት ግድግዳው እስከ መስኮቱ ደፍ ብቻ ተገንብቶ ከኮለኑ ጋር ሲጣበቅ፣ ኮለኑ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው አጭር ክፍል ብቻ ነጻ ሆኖ ይቀራል፤ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜም የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች የተጎዱት በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ በግድግዳውና በኮለኑ መካከል ክፍተት እንዲተውና በሚለጠጥ ነገር እንዲሞላ አስደርጉ።

መልስ፦ የሳይት ፎርማን፣ ቢሾፍቱ

መሐንዲሱ ያሉትን ተቀብዬ እኔ ስለ መሬቱና ስለ ክሬኑ እናገራለሁ። አቅራቢው «በክረምት ዕረፍት አቁሜ አስረክባለሁ» ያለው ነገር ብቻውን ብዙ ያሳስበኛል። ተማሪ የማይኖርበት ወቅትና መረሬ ጭቃ የሚሆንበት ወቅት አንድ ናቸው። ተገጣጣሚ ኮንክሪት የካሳፎርማ ጊዜን ይቆጥባል እንጂ ከባድ መኪናና ክሬን በእርጥብ መረሬ ላይ እንዲቆም አያደርግም። የክሬኑ አንድ እግር በሥራ መካከል ቢሰምጥ የሚከተለውን መገመት አያዳግትም።

ክብደቱን አስሉት። የ7 ሜትር ርዝመት፣ የ1.2 ሜትር ስፋትና የ20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሆሎው ኮር ሰሌዳ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር የተሠራ፣ ሦስቱንም ወለል የሚያልፍ የ10 ሜትር ኮለን ወደ 4 ቶን ይደርሳል። አንድ ክሬን ለምሳሌ 25 ቶን ይባላል እንጂ ያን ያህል የሚያነሣው ጭነቱ 3 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ክንዱን 14 ወይም 15 ሜትር ዘርግቶ ከሕንፃው ማዶ ሲያስቀምጥ አቅሙ ወደ ጥቂት ቶን ይወርዳል። ስለዚህ «ክሬን አለን» የሚለው መልስ በቂ አይደለም፤ ክሬኑ የሚቆምበት ቦታ በፕላኑ ላይ ተመልክቶ፣ በጣም ሩቅ የሆነው አካል ክብደት ከክሬኑ የጭነት ሠንጠረዥ ጋር ተነጻጽሮ ይቅረብላችሁ።

እኔ ብሆን የመሠረቱን ሥራና የክሬኑን መቆሚያ በበጋ እጨርሳለሁ። መረሬው ተቆርጦ ይወጣል፣ ሰሌክት (የተመረጠ የመሙያ አፈር) ገብቶ በሮለር ይጠቀጠቃል። ገጠማው ደግሞ ከጥቅምት በኋላ ዝናቡ ሲያቆም ይካሄዳል። ተማሪዎች ስለሚኖሩ የሥራው አካባቢ በቆርቆሮ ይታጠራል፤ ከባድ ማንሣት ቅዳሜ፣ እሑድና ከትምህርት ሰዓት ውጭ ብቻ ይሆናል። የኤሌክትሪክ መስመሩ ክሬኑ ከመግባቱ በፊት እንዲነሣ ወይም በሥራው ሰዓት እንዲቋረጥ በጽሑፍ አመልክቱ። የክሬን ክንድ ሽቦውን ባይነካው እንኳ በጣም ከተጠጋው አደጋ ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆ ያለው የፍጥነት መንገድ ለሎቤድ (ከባድ ዕቃ ለሚጭን ረጅም መኪና) አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከዋናው መንገድ እስከ በራችሁ ያለው ነው፤ መታጠፊያዎቹን በ12 ሜትር መኪና ልክ ለኩ።

መልስ፦ በተገጣጣሚ ኮንክሪት ገጠማ ላይ የሚሠራ፣ ዱባይ

በዚህ አገር ሥራው የዕለት ተዕለት ስለሆነ ከገጠማው በኩል የማውቀውን ላካፍል። እያንዳንዱ አካል ቁጥርና የተመረተበት ቀን ተጽፎበት፣ በሚገጠምበት ቅደም ተከተል ተጭኖ ይመጣል። መጨረሻ የሚገጠመው መጀመሪያ ከመጣ ግቢያችሁ ይዘጋል፤ አካሉም ሁለት ጊዜ ይነሣል፤ በተነሣ ቁጥር ደግሞ ጠርዙ ይሰበራል። መሬት ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ የሚገቡት እንጨቶች አምራቹ ባመለከተው ቦታ፣ ብዙ ሲደራረብም አንዱ በሌላው ትክክል መሆን አለባቸው። ሆሎው ኮር በመሐሉ ላይ ተደግፎ ጫፎቹ ከተንጠለጠሉ ገና ሳይገጠም ከላይ ይሰነጠቃል።

ማንሣቱ ላይ የገመዱን ማዕዘን ተመልከቱ። 4 ቶን የሚመዝን ቢም በሁለት ገመድ ሲነሣ ገመዶቹ ከአግድመቱ 60 ዲግሪ ከሆኑ እያንዳንዳቸው 2.3 ቶን ያህል ይሸከማሉ፤ 30 ዲግሪ ሲሆኑ ግን እያንዳንዳቸው 4 ቶን ይሸከማሉ። ገመድ ለማሳጠር ሲባል ይህ ሲዘነጋ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ኮለኑ ከቆመ በኋላ በሁለት አቅጣጫ በብረት ድጋፍ ይያዛል፤ ቱምቢው (ቀጥ ብሎ መቆሙ) ከተስተካከለ በኋላ መገናኛው በማይኮማተር ግራውት (ክፍተት በሚሞላ ፈሳሽ የሲሚንቶ ድብልቅ) ይሞላል። ግራውቱ በከረጢቱ ላይ ከተጻፈው የውሃ መጠን አንድ ጣሳ እንኳ ሊጨመርበት አይገባም፤ ሠራተኛው «እንዲፈስልኝ» ብሎ የሚጨምረው ውሃ ጥንካሬውን ይገድለዋል። ከየዕለቱ ግራውት የሙከራ ኩብ (ጥንካሬው የሚለካበት ናሙና) ይወሰዳል፤ ውጤቱ ንድፉ የሚጠይቀው ላይ ሳይደርስ ድጋፉ አይነሣም፣ የላይኛው ወለልም አይጫንም። ግራውቱ በቱቦ ከታች ገብቶ ከላይኛው ቀዳዳ ሲወጣ በዓይን መታየት አለበት፤ ያልሞላ መገናኛ ከውጭ ሲያዩት ከሞላው አይለይም።

የመብራትና የውሃ ቀዳዳዎች በሙሉ ከምርት በፊት ይወሰኑ። የሆሎው ኮር የተወጠሩ ሽቦዎች ከታች ስለሚያልፉ በኋላ የሚመጣ የቧንቧ ሠራተኛ ድሪል ይዞ የፈለገበት ቦታ ሊበሳው አይችልም።

መልስ፦ የግዢና የውል ባለሙያ፣ አዳማ

አጭር ሐሳብ ነው። መሠረቱን ለአንድ ተቋራጭ፣ ገጠማውን ለሌላ አትስጡ። የመሠረቱ ብሎኖች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢዛነፉ ኮለኑ አይገባም፤ ያን ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ ጣቱን ይቀስራል፣ የክሬኑ ኪራይም ይቆጥራል። ቅድሚያ ክፍያውን በባንክ ዋስትና ብቻ ስጡ። ፋብሪካ ውስጥ ላለ ምርት የምትከፍሉ ከሆነ አካሎቹ በቁጥራቸው ተዘርዝረው ንብረትነታቸው የትምህርት ቤቱ መሆኑ ይጻፍ፤ መሐንዲሳችሁም የኩብ ውጤታቸውን አይቶ ይፈርምባቸው። የመጨረሻዎቹ ክፍያዎች የሚለቀቁት አካሎቹ ስለደረሱ ሳይሆን መገናኛዎቹ ተሞልተውና ተመርምረው ሲያልቁ ይሁን።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ጸሐፊው

ስለ ዝርዝሩ መልስ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት አቅራቢውን ጠየቅነው። ቢሙ ከኮለኑ በወጣ ክንድ ላይ ተቀምጦ አንድ ቀጥ ያለ ብረት በቀዳዳው እንደሚገባ፣ በወለሉ ላይ የሚፈሰው አርማታ ግን «እንደ ደንበኛው ፍላጎት» የሚጨመር መሆኑን ነገረን። ይህ ይበቃል ወይ? ካልበቃስ ወደ ተለመደው መመለስ ብቻ ነው የቀረን?

መልስ፦ የመዋቅር መሐንዲሱ

ወለሉን አንድ የሚያደርገው አርማታ በደንበኛ ፍላጎት የሚጨመር ጌጥ አይደለም፤ ለዚህ ቦታ የግድ ነው። የአንድ ብረት መገናኛም በራሱ ስሕተት ባይሆንም እንደ ማጠፊያ የሚዞር ስለሆነ ክፈፉ (የኮለንና የቢሙ አጽም) የጎንዮሽ ኃይልን አይችልም። ያን ኃይል የሚሸከሙ የኮንክሪት ግድግዳዎች፣ ለምሳሌ በደረጃው ዙሪያና በሕንፃው ጫፎች፣ በንድፉ ውስጥ አሉ ወይ? ከሌሉ ከመሠረታቸው በጽኑ የታሰሩት ኮለኖች ብቻቸውን እንዲሸከሙት ተሰልቷል ወይ? ሁለቱም ካልሆነ አትቀበሉት።

መካከለኛ መንገድም አለ። ኮለኖቹና ቢሞቹ እዚያው ተሞልተው ወለሉ ብቻ ተገጣጣሚ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ላይ እንደታየው ቀድመው የተመረቱ ቀጫጭን ቢሞች ተደርድረው በመካከላቸው የሶሌታ ብሎኬት (ውስጠ ክፍት የወለል ብሎኬት) ከገባ በኋላ ከላይ አርማታ ይፈስበታል። ቢሞቹን ጥቂት ሰዎች ተሸክመው ስለሚያስቀምጧቸው ክሬን አያስፈልግም፤ የካሳፎርማው ጣውላም በእጅጉ ይቀንሳል። 7 ሜትር ግን ለዚህ አሠራር ይረዝማል፤ ከክፍሉ መሐል አንድ ቢም ማሳለፍ ሊኖርባችሁ ይችላል።

መልስ፦ ፎርማኑ

በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ክሬን ቀረ ማለት ድጋፍ ቀረ ማለት አይደለም። እነዚያ ቀጫጭን ቢሞች አርማታው እስኪጠነክር ድረስ ከሥራቸው በተለምዶ ከአንድ ሜትር ተኩል በማይበልጥ ርቀት ይደገፋሉ፤ የድጋፉ እግርም መረሬ ላይ ሳይሆን በጣውላ ላይ ያርፋል። ብሎኬቱ ላይ ሠራተኛ በቀጥታ እንዳይረግጥ መተላለፊያ ሳንቃ ይዘርጋ።

መልስ፦ የውል ባለሙያው

ለአቅራቢው የምትጽፉት ደብዳቤ የመሐንዲሱን ሁለት ጥያቄዎችና ወለሉ ላይ የሚፈሰውን አርማታ በግልጽ ጠቅሶ፣ በባለሙያ የተፈረመ የመገናኛ ንድፍና የተሻሻለ ዋጋ በአንድነት እንዲያቀርብ ይጠይቅ። ሁለቱን ማቅረቢያዎች የምታወዳድሩት ያ ሲደርሳችሁ ነው፤ አሁን በእጃችሁ ያሉት ዋጋዎች የአንድ ዓይነት ሕንፃ ዋጋ አይደሉም።