ቢሳኮዲል ሦስተኛ ሳምንቴን ያዝኩ፣ አንጀቴ ሊሰንፍብኝ ነው?

ሆዴ_ነገረኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን እዚህ ማንም ስለማያውቀኝ ልናገረው። ለጀርባ ሕመም ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ታዞልኝ ሆዴ ድርቅ አለ። አምስት ቀን ሙሉ ሽንት ቤት ተቀምጦ መነሳት ብቻ። ቢሳኮዲል የሚባለውን የሚያስቀምጥ ኪኒን ገዝቼ ማታ ሁለት ፍሬ፣ 10 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው፣ ዋጥኩ። ሊነጋ ሲል አጣድፎ አስነሳኝና ተገላገልኩ። በማግስቱ ግን ምንም የለም። በሦስተኛው ቀንም የለም፣ ስለዚህ ደገምኩ፣ እንደዚሁ እንደዚሁ እያልኩ ሦስተኛ ሳምንት ገባሁ። ትናንት ደግሞ ሆዴን እንዳይቆርጠኝ ብዬ በወተት ወሰድኩት፣ ጭራሽ ቁርጠቱ ላብ በላብ አደረገኝ። አሁን የምፈራው ያለ ኪኒን እምቢ እንዳይለኝ ነው።

የመድኃኒት_ሰው፦
ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። መጀመሪያ ወተቱን እንጨርስ። የቢሳኮዲል ኪኒን ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ ተብሎ የተሠራ ሽፋን አለው። ወተትና የጨጓራ አሲድ የሚያበርዱ መድኃኒቶች ሽፋኑን ያለ ጊዜው ስለሚያሟሙት መድኃኒቱ ትልቁ አንጀት ሳይደርስ ይፈታል፣ ትናንት ያየኸው እሱን ነው። ቢያንስ 1 ሰዓት አራርቀው። አትስበረው፣ አታኝከው፣ ሙሉውን በውኃ ዋጠው።

ዋናው ግን ይሄ ነው። መድኃኒቱ የትልቁን አንጀት ነርቭ ቀስቅሶ እንዲጨመቅ ያደርጋል፣ ውኃም ወደ ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል፣ ስለዚህ ያለውን ጠራርጎ ያወጣል። ከዚያ በኋላ እስኪሞላ 2 ወይም 3 ቀን ሊፈጅ ይችላል። በማግስቱ አለመምጣቱ ድርቀት ሳይሆን ባዶ መሆን ነው። አንተ ግን ባዶ ማሰሮ ገልብጠህ ለምን አይፈስም እያልክ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ አንድ ቀን ቀረ ብሎ ይደግማል፣ ከዚያ ያለሱ አልችልም ይላል።

በራስህ የምትወስድ ከሆነ በ5 ሚሊ ግራም ጀምር፣ ከ1 ሳምንትም አትለፍ። ለመሥራት ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል፣ ዘገየ ብለህ ሌሊት ላይ አትደርብ።

ሴና_ያስተማረችኝ፦
እኔ ደግሞ ሴና የሚባለው ሌላው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሰው ነበርኩ። በሁለተኛው ቀን ሽንቴ ቀይ ቡናማ ሆኖ ሳየው ኩላሊቴ አለቀ ብዬ አለቀስኩ። የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ ሲያቆሙት ይጠፋል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ለመክሳት ብላችሁ የምትወስዱ ካላችሁ ተዉት በናታችሁ። ምግቡ ትንሹ አንጀት ላይ ተመጥጦ አልቋል፣ ሚዛን ላይ የሚቀንሰው ውኃ ነው።

ሆዴ_ነገረኛ፦
ማሰሮው አሳቀኝ። ግን አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፣ ለደም ግፊት የሚያሸና ኪኒንም እወስዳለሁ። ችግር አለው?

የመድኃኒት_ሰው፦
ወንድሜ ይሄማ መጀመሪያ የሚነገር ነበር! የሚያሸናውም ኪኒን ከዓይነቱ አንዳንዱ ፖታሲየም ያወጣል፣ ሆድ ሲያስቀምጥም ፖታሲየም ይወጣል። ሁለቱ ሲደራረቡ ጡንቻ ይደክማል፣ ባስ ሲል የልብ ምት ይዛባል። ስለዚህ ሳትውል ሳታድር ሐኪምህን አግኝ፣ ደምህን ያይልሃል።

ስለ ስንፍናው ብዙ አትጨነቅ። በተገቢው መጠን ከተወሰደ አንጀትን ያሰንፋል የሚለው የድሮ ስጋት ጠንካራ ማስረጃ የለውም። የአንተ ጥፋተኛ ኮዴይኑ ነው፣ አንጀትን የሚያፈዘው እሱ ነው። እሱን እስካላቆምክ ድረስ ድርቀቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ስለዚህ ወይ ማስታገሻው ይቀየራል ወይ ሐኪሙ አብሮ የሚወሰድ ያዝልሃል። ቢሳኮዲሉን ራሱ ሊያስቀጥልህ ይችላል፣ ወይም እንደ ማክሮጎል ውኃ ይዞ ሰገራውን የሚያለሰልስ ይሰጥሃል፣ እሱ ከ1 እስከ 3 ቀን ይወስዳል እንጂ እንዲህ አያጣድፍም።

ሆድህ ተነፍቶ ጋዝ አልወጣ ካለ፣ ካስመለሰህ ወይም ሕመሙ ከጠነከረ ግን የሚያስቀምጥ ኪኒን የሚባል ነገር እንዳትነካ፣ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ደም ካየህም ለሐኪም ንገር።

ሴና_ያስተማረችኝ፦
ውኃም ጠጣ እንጂ፣ ስታስቀምጥ የወጣው መመለስ አለበት።

ሆዴ_ነገረኛ፦
እሺ፣ ነገ ጠዋት ያሉኝን ኪኒኖች በሙሉ በፌስታል ይዤ እሄዳለሁ። ወተት ሆድ ያረጋጋል ያለኝን ጓደኛዬን ግን ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።